የሚኪያስ መርዶ

ባለፈው ሐሙስ ጥርሴን ልታይ ኦስሎ ውስጥ ማዮርስቱን ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ ነበር። ቀኑ ሞቃት ነው። ከጣቢያው በር አጠገብ እንጆሪ የሚሸጡበት ድንኳን ተተክሎ ሽታው ባቡሩ ድረስ ይመጣል። ድንኳኑ ፊት አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴትዮ ቆማ፣ ከሳጥኑ አንድ ፍሬ አንስታ እየቀመሰች ከሻጩ ጋር ትሳሳቃለች። ድምጿን ስሰማ ቆም አልኩ። ያኔ ፀጉሯ ቢጫ ነበር፣ ትከሻዋም እንዲህ አልጎበጠም፤ ድምጿ ግን ያው ነው። የፓርላማ አባል የነበረችው ሴትዮ ናት። ስሟን አልጠራም፤ አሁን እንደ እኔው ጡረታ ላይ ሳትሆን አትቀርም፣ ዞር ብሎ የሚያያትም የለም። ጠጋ ብዬ «ያን ቀን በብርዱ ስትናገሪ ካጠገብሽ ቆሞ የነበረው ልጅ የእኛ ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ልላት ፈለግኩ። የእኔ ኖርዌይኛ አውቶቡስ ለማጠብም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ለመጨቃጨቅም በቅቶኝ ኖሯል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ግን አልበቃኝም። እሷ በስልኳ ከፍላ ሄደች። እኔም አንድ ሳጥን ገዛሁ፣ ሰባ ክሮነር! በዚያ ዘመን በሰባ ክሮነር ሦስት ሳጥን ይዘን እንገባ ነበር። ጥርስ ሐኪሙን ትቼ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ዘነቡ ስትሰማ «ድሮም ሰበብ ነው የምትፈልገው» አለችኝ። ሰበብ አልነበረም።

ያ ዘመን ሲቆጠር ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ለእኔ ግን ሌላ አገር ሆኖብኛል። የምንኖረው ትቬይታ ሰፈር፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ባንዱ ነው። አሁንም እዚያው ነን፣ ሊፍቱ ብቻ ተቀይሯል። ያኔ አገር ቤት የሚደወለው በካርድ ነበር። መሀል ከተማ ወርደን ባለ ሃምሳ ክሮነሯን ካርድ እንገዛለን፣ በሳንቲም እንፍቃታለን፣ «እናንተዬ እንዴት ናችሁ» ብለን ገና ስለ ዝናቡ ስንጠይቅ ትቋረጣለች። ተመልሰን ስንጨቃጨቅ ባለሱቁ በፈጣሪ ስም ይምልና ሌላ ካርድ ይሸጥልናል። ወጣቶቹ እግራቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ሱሪ ለብሰው ቁርጭምጭሚታቸውን ለብርድ ሰጥተው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ሁለት ካልሲ ደርቤ እነሱን ሳይ ያንቀጠቅጠኛል። የጤፍ ዱቄት ከውጭ በሰው ሻንጣ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ ከቤታችን በር ላይ ይሸጣል። ትቬይታ አደባባዩ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት፣ የእኛ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆሙባት ጥግ ነበረች። ነፋስ አትመታትም። የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ማን ቤት ገዛ፣ ማን ከሚስቱ ተጣላ፣ ሁሉም ወሬ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያች ጥግ ላይ ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ስኩተር ያቆሙባታል።

ሚኪያስን ያወቅነው በዕድራችን ነው። ሃያ ስምንት ሃያ ዘጠኝ ቢሆነው ነው። በስደት ብቻውን መጥቶ፣ ካምፕ ከርሞ፣ ወረቀቱን ሲያገኝ አመሩድ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየ። ለአንድ ዳቦ ቤት መኪና ይነዳል፤ ወደ ቤት ሲገባ ልብሱ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። እናቱና እህቱ ገነት ደሴ ናቸው፣ አባቱን በልጅነቱ ነው ያጣው። ዕድሩ ውስጥ በዕድሜ ከእሱ የሚያንስ አባል አልነበረም፣ ከእሱ የሚበረታም አልነበረም። ሰው ሞተብን ሲባል ሥራው ሲያልቅ ያችን የዳቦ መኪና አስፈቅዶ ይመጣል፣ ከሕንፃችን ምድር ቤት የዕድሩን ወንበርና ብረት ድስት ጭኖ ይወስዳል፣ ለቀስተኛውን ሻይ ያጠጣል፣ ብርጭቆውን አጥቦ ማታ የመጨረሻው ሆኖ ይወጣል። ለመርዶ በማለዳ ስንሄድም ሽማግሌዎቹን ከየቤታቸው እየለቀመ የሚያደርሰን እሱ ነው። ጨዋታ ያውቃል። «ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ ሲሞቱ ወንበሩን የማወጣው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዛሬ ሻዩን እርስዎ ይቅዱልኝ» ይለኛል። ዘነቡ «ምን የሚሉት ቀልድ ነው!» ብላ ትቆጣዋለች፣ ወዲያው ደግሞ ሳህኑን ትሞላለታለች። ለምን አታገባም ብለን ያላስቸገርነው ቀን የለም። ዘነቡ ሦስት ልጃገረዶች መርጣ ፎቶአቸውን አሳይታዋለች። እሱ እየሳቀ «እትዬ ዘነቡ፣ መጀመሪያ እናቴን ላምጣ» ይላታል። የሚያወራውም ስለ እናቱ ነበር። የስልክ ካርዱን የሚጨርሰው እሷ ላይ ነው፤ ምን በላህ ብላ ስትጠይቀው አንድ ሙሉ ካርድ ያልቃል።

እንግዲህ አንድ ዓመት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ከአፍሪካ አገሮች አንዱ ወንድ የሚወድ ወንድን ዕድሜ ልክ የሚያሳስር ሕግ አወጣ ተባለ። ሌላውም ይከተላል ይባል ነበር። እዚህ ያሉት ፖለቲከኞች ግራውም ቀኙም ተነሡ፤ በሌላ ነገር ሁሉ እንደ ድመትና እንደ ውሻ የሚናከሱት በዚህ አንድ ሆኑ። የምሽቱ ዜና ይህ ነው፣ የጧቱ ጋዜጣም ይህ ነው። በእኛ ቤት ዜናው ሲመጣ ወይ ጣቢያው ይቀየራል ወይ ወሬ ይቀየራል። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ሳራ ብቻ «ለምንድነው የምትቀይሩት?» ትላለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ተካና ሌሎች አባላት እኛ ቤት ምሳ በልተን ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺ ሴትዮ ከፓርላማው ፊት ለፊት ትናገራለች። ከአፏ ጭስ ይወጣል፣ ብርዱ እንደዚያ ነበር። በውጭ አገር በፍቅራቸው ምክንያት ስለሚታሰሩና ስለሚደበደቡ ሰዎች ትናገራለች፤ ኖርዌይ ዝም እንደማትል ትናገራለች። እውነቷን ነው የተናገረችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ማይክሮፎኑን አጠገቧ ለቆመ ልጅ ሰጠችው። የለበሰው ዘነቡ ለገና የገዛችለትን ሰማያዊ ሹራብ ነው። «ስሜ ሚኪያስ ነው። የመጣሁት ከኢትዮጵያ ነው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ» አለ። «እናቴ አታውቅም። አንድ ቀን ከእኔ አፍ እንድትሰማ እፈልጋለሁ።»

አቶ ተካ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። በሰው ቤት፣ ሪሞቱን እንኳ ሳይፈልግ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው። አንዱ ካፖርቱን አነሣ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ደህና ሁኑ ያለን ሰው የለም። ዘነቡ ሳህኖቹን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። እኔ ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። የእኛ ሰው እንደሚያይ አያውቅም? እናቱ ከእሱ አፍ እንድትሰማ የፈለገ ሰው እንዴት በቴሌቪዥን ይናገራል? እኔ ያደግኩት ይህ ነገር በስሙ በማይጠራበት አገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኔ የምትለውንም አውቃለሁ። ግን ወዲያው የታየኝ የልጁ ፊት ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ያቺ ሴትዮ ክንዷን ትከሻው ላይ ስታደርግ ቀና አለ። አንድ አገር ሙሉ ያቀፈው መስሎት ይሆናል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ያች የትቬይታ ጥግ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በሳምንቱ ስልኩን የሚያነሣለት ሰው ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ሁለት እሑድ መጣና ቀረ። ዕድሩ ወንበር ማጓጓዣ ሌላ መኪና ተከራየ። እኔ ጋ ደውሎ «ጋሼ፣ ተቀየሙኝ?» አለኝ። «አልተቀየምኩም፣ ግራ ገብቶኝ ነው» አልኩት። «እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ግራ እንደገባኝ ነው» አለና ሳቀ። ሳቁ አንጀቴን በላው። ቤት ና አልኩት፤ የኛ ብሎክ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሲያዩት ፊታቸውን እንዳያዞሩበት ፈርቶ አልመጣም። ሴትዮዋ በቴሌቪዥን መናገሯን ቀጥላለች፤ እኔም አሁን ጣቢያውን አልቀይርም። ስለ ሩቅ አገር ትናገራለች፣ ሩቅ አገር ስላለው ግፍ። ሳራ አንድ ማታ «ባባ፣ ትቬይታም መጥታ ብትናገር ጥሩ ነበር» አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ጧት ስልኬ ጮኸ። የሚኪያስ እህት ገነት ናት። ቁጥሬን ያገኘችው እሱ ለክፉ ቀን ብሎ ሰጥቷት ነው። «ጋሽ ወልዴ፣ እናታችን አረፈች» አለችኝ። ኩላሊቷን ታማ ከርማለች፣ ለእሱ እንዳይጨነቅ አልነገሩትም። ቀብሩ አልፏል። «ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይሠራም ብዬዋለሁ። በናታችሁ ሰው ሰብስባችሁ አርዱልኝ። ብቻውን በስልክ ሰምቶ ምን ይሆንብኛል?» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የኦስሎው ወሬ ደሴም እንደደረሰ፣ ጎረቤት በስልኩ ምስሉን እያሳየ ቤታቸው ድረስ እንደመጣ ነገረችኝ። እናትየው ግን አልሰማችም፤ ገነት በሩ ላይ ቆማ ነው የመለሰችው። «አላየችም፣ አልሰማችም፣ ስሙን እየጠራች ነው የሞተችው» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ሰው በስልክ መርዶ አይነገረውም። ገና ጎሕ ሲቀድ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይሄዳል፣ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ሌላው ውኃ ይይዛል፣ የቀረው ያለቅሳል። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ከሁሉም አቅጣጫ እንዲኖር ነው። በዕድራችን ከዐሥራ አምስት ሰው በታች ሆነን ሄደን አናውቅም። ስለዚህ በዚያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አባላቱን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ነፍስ ይማር አሉ፣ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። መቼ እንሂድ ስል ግን ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ለእናትየው ጸሎተ ፍትሐት እናስደርጋለን» አለ አቶ ተካ። «ቤቱ ግን አንገባም።»

«ጸሎቱ ይሁን፤ ልጁን ማን ያርዳው?»

«ደሴ ዘመድ የለውም? ይንገሩት።»

«በስልክ? አንተ ወንድምህ ሲሞት በስልክ ነው የነገርንህ?» አለችው ዘነቡ። «ያን ዕለት ስትወድቅ ጭንቅላትህን ደግፎ የያዘህ ማን ነበር? እሱ አይደለም?»

ተካ ፊቱ ተለዋወጠ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አልነበረም። «አስታውሳለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ዘነቡ፣ ልጆች አሉኝ። እሱ ቤት የገባ ሰው ስሙ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። እናቴ አገር ቤት አለች፤ የእኔን ምስል ነው የሚልኩባት።» ሌሎቹም ያው ነው ያሉት፣ ያላሉትም በሆዳቸው ያው ነው። አንዷ ምግብ ሠርታ ልትልክ ተስማማች፣ ስሟ እንዳይነሣ እያስጠነቀቀች። እኔ አንድ ሳምንት ለመንኩ፣ ሁለተኛውንም ሳምንት በየቤታቸው እየዞርኩ ለመንኩ። በሦስትና በአራት ሰው መርዶ አይነገርም ብዬ፣ ለዚያ ልጅ ይህን ማሳነስ አልፈለግኩም። አንዳንዱ እሺ ብሎ ማታ ደውሎ ይሰርዛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእናትየው የክርስትና ስም ተጠርቶ ተጸለየ፤ ኦስሎ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ አወቀ፣ ከልጇ በቀር።

በዚያ መሀል አንድ ቀን ቶየን ጣቢያ ባቡር ስቀይር ሚኪያስን አገኘሁት። ከስቷል። ሲያየኝ እንደ ልጅ ሮጦ መጣ፣ ከዚያ ማቀፍ ፈርቶ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። እኔ ነኝ ያቀፍኩት። «ጋሼ፣ እማዬ ጠበል ገብታ ቆየች። ሰው ጠበል ስንት ጊዜ ይቆያል?» አለኝ። «እንደ ጤናው ነው» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? የባቡር ጣቢያ ላይ፣ በሚገፋፋ ሰው መሀል፣ የሚደግፈው ሰው ሳይኖር? «ስትወጣ የምነግራት ነገር አለኝ» አለ። «ካርድ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ስድስት ካርድ፤ እንዳይቋረጥብኝ።» ባቡሩ መጣና ገባ። በመስኮቱ እጁን ሲያውለበልብልኝ፣ እኔ ጣቢያው ላይ ቆሜ እንባዬን በእጅጌዬ እጠርግ ነበር።

ቤት ስገባ ለዘነቡ ነገርኳት። ተነሥታ ዱቄት ማቡካት ጀመረች። «ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለውም» አለች። «ሰው አልሞላም» አልኳት። «ሰው የሚሞላው መቼ ነው? እሱም ሲሞት?» አለችኝ። ሳራ ከክፍሏ ወጥታ «እኔም እመጣለሁ» አለች። «አንቺ እንዲህ ያለውን አታውቂም» ስላት «አዎ፣ አላውቅም። ማልቀስ ግን አውቃለሁ» አለች።

ማለዳ የመጀመሪያውን ባቡር ይዘን ሄድን። ዘነቡ ጥቁር ለብሳለች፣ የለቅሶ ነጠላዋን ግን ሰው እንዳያይባት ካፖርቷ ሥር ጠቅልላዋለች። ድፎውን ሳራ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች፣ ገና ትኩስ ነው። ቶየን ላይ መስመር ቀየርን፤ ከእኛ በቀር ባቡሩ ውስጥ ከሌሊት ሥራ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እኔ በየጣቢያው በሩ ሲከፈት ቀና እላለሁ። አቶ ተካ ይገባ ይሆናል፣ እነ እገሌ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል እያልኩ። አመሩድ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ እዚህ አገር በዚያ ወቅት ከሰው ቀድማ ነው የምትነሣው። ሕንፃው ሥር ቆመን ትንሽ ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ደወሉን እኔ ተጫንኩት።

በሩን ሲከፍት ቲሸርት ለብሶ፣ ባዶ እግሩን ነው። አየን። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ዘነቡን፣ ቀጥሎ ሳራ የያዘችውን ድፎ። የሚለውን እጠብቃለሁ። ይህ ልጅ ስንቱን በር በማለዳ ከእኛ ጋር አንኳኩቷል፤ ወዲያው ይገባዋል ብዬ፣ ክንዱን ልይዘው እጄን ዘርግቻለሁ። እሱ ግን ፊቱ በራ። እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። «መጣችሁ!» አለ። «ጋሼ፣ ታረቃችሁኝ! እትዬ ዘነቡ፣ ዳቦ ጋግረሽ!» እያለቀሰ ይስቃል። እጄን ስሞ፣ ዘነቡን አቅፎ አገላብጦ ሳማት። ለካ ሦስት ሆነን በመሄዳችን ነው፤ ሦስት ሰው ለዕርቅ እንጂ ለመርዶ አይመጣም። ጎትቶ አስገባን፣ አልጋውን በጥድፊያ አንጥፎ አስቀመጠን፣ ሻይ ጣደ። ድፎውን ራሱ ባርኮ ቆረሰና ለእያንዳንዳችን ሰጠን። ዳቦው እጄ ላይ ነው፣ አይጎረስ፣ አይቀመጥ። ሳራ ቁልቁል ታያለች። ዘነቡ ካፖርትሽን አውልቂ ብትባል እንቢ ብላ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«እኔ እኮ ፈርቼ ነበር» አለ ሚኪያስ፣ ብርጭቆ እየደረደረ። «እማዬ ትጠላኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁን አልፈራም። እናንተ ከመጣችሁ፣ እንደ እናትና አባት የሆናችሁኝ ሰዎች ዳቦ ጋግራችሁ ከመጣችሁ፣ እሷማ እንዴት ትጠላኛለች? ከጠበል ስትወጣ በዚያው ቀን እነግራታለሁ። ‹እነ ጋሽ ወልዴ አውቀው ቤቴ መጡ› እላታለሁ።»

ዘነቡ መቻል አቃታት። ካፖርቷ ተከፈተና ነጠላው ወለሉ ላይ ወረደ።

«ሚኪዬ» አልኩት፣ «ልጄ፣ ለዕርቅ አይደለም የመጣነው።»

ብርጭቆውን እንደያዘ ነጠላውን አየ። ከዚያ እኔን። ቀጥሎ በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ በሩ ተመለከተ፣ ከኋላችን የቀሩ ሰዎች ደረጃውን እየወጡ እንደሆነ ሊያይ።

«ሌሎቹስ?» አለኝ።